እናቶቻችንን በሕይወት ሳሉ እንዘክራቸው

(በመልካ ጀብዱ ለአጥቢያ ሰበካ ጉባኤያት፣ ለልማት ኮሚቴዎችና ለካህናት በተዘጋጀ የምክክር ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ክቡራን አባቶቻችን ካህናት፣ የሰበካ ጉባኤና የልማት ኮሚቴ አባላት፣ የሰንበት ትምህርት ቤት ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን፣ ይልቁንም ከኋላ ተቀምጣችሁ ሕፃናትን የያዛችሁ እናቶቻችን፤ ይህን የቆላ ፀሐይ ችላችሁ ከየአጥቢያችሁ ስለ መጣችሁ እግዚአብሔር ዋጋችሁን ይክፈልልን።

እንድንናገርበት የተሰጠን ርእስ የእናቶችና የአሳዳጊዎች መታሰቢያ ነው። እናትን ማመስገን ከባድ ሥራ አይደለም፤ ሁላችንም ከእናት ተወልደናል፣ ከእናት ጉያ አድገናል፤ የምስጋና ቃልም አይጠፋንም። ይሁን እንጂ በርእሱ ላይ ስናሰላስል አስቀድሞ ወደ ልባችን የመጣው ምስጋና ሳይሆን ዕዳ ነው። ስለዚህ ንግግራችንን ከዚያ ዕዳ እንጀምራለን።

ከምናገለግልባቸው አጥቢያዎች በአንዱ አንዲት እናት ነበሩ። ቤተሰባቸውን እንዳናሳዝን ስማቸውንም አጥቢያቸውንም አንጠራም። የሞተች ልጃቸውን ሁለት ልጆችና የአንዲት ጎረቤት ልጅ በአንዲት ክፍል ቤት ያሳድጉ ነበር። መተዳደሪያቸው ለቀን ሠራተኞች እንጀራ ጋግሮ መሸጥ ነው። ለልጆቹ የተመደበውን ዱቄትና ዘይት ሊቀበሉ ሲመጡ ሁልጊዜ ከሰልፉ መጨረሻ ይቆሙ ነበር። ለምን እንደ ሆነ ስንጠይቃቸው፣ ሕፃን ያዘለች ትቅደም ይሉናል። በመዝገባችን ላይ የሦስቱ ልጆች ስም፣ ዕድሜ፣ የትምህርት ክፍል፣ የጫማ ቁጥር ሳይቀር ሰፍሯል። «አሳዳጊ» በሚለው መስመር ላይ ግን የተጻፈው አንድ ቃል ብቻ ነበር፦ «አያት»።

እግራቸው እያበጠ መሄዱን አይተናል። ወደ ሐኪም እንዲሄዱም ነግረናቸዋል። እርሳቸው ሐኪም ቤት ሲውሉ ልጆቹን ማን እንደሚይዝ ግን አልጠየቅናቸውም። የክርስትና ስማቸውን ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማነው ካህኑ በጸሎተ ፍትሐት ሲጠሩት ነው።

አርባቸው ሲወጣ ድንኳን ተተከለ፣ በሬ ታረደ፣ ጠላ ተጠመቀ። እኛም ተጠርተን ሄድን፤ በላን፣ ጠጣን፣ «ነፍስ ይማር» ብለን ተነሣን። ስንወጣ የዐሥራ ሦስት ዓመቷ ልጅ ከጓሮ ድስት ስታጥብ አገኘናት። ቀና ብላ፣ «ዲያቆን፣ ከሱቅ የመጣው የዱቄት ዕዳ የእኛ ነው?» ስትል ጠየቀችን።

የምንመልስላት ቃል አጣን። ዕዳውን በኋላ የከፈሉት ሙስሊም የሆኑት ጎረቤታቸው ናቸው። ልጅቷንም ወደ ቤታቸው ያስገቡት እኒሁ ጎረቤት ናቸው። ሁለቱን ታናናሾች ዘመድ ወደ ሌላ ከተማ ወሰዳቸው። ልጅቷ ያን ዓመት ትምህርቷን አቋረጠች።

ይህን የምንናገረው ዘመዶቻቸውን ለመውቀስ አይደለም። ዘመድ ድግሱን የደገሰው በክፋት ሳይሆን ለሚወዳት እናት ክብር ሲል ነው። የምንወቅሰው ሰው ካለ እኛን ራሳችንን ነው፤ ለልጆቹ መዝገብ ይዘን አሳዳጊያቸውን ያልመዘገብን እኛ ነን፤ ከድግሱም ቁጭ ብለን የበላን እኛ ነን። ስለዚህ ዛሬ የምንናገረው አንድ ነገር ነው። ልጅ የሚያሳድጉ እናቶችን መዘከር የሚገባን በሕይወት ሳሉ ነው፤ ካረፉም በኋላ ዝክራቸው መጀመር የሚገባው ካሳደጓቸው ልጆች ነው።

ዝክር ምንድን ነው?

በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት የሞተ ሰው አይረሳም። ከሣልስቱ ጀምሮ በሰባት፣ በዐሥራ ሁለት፣ በሠላሳ፣ በአርባ፣ በሰማንያ፣ በመንፈቅና በሙት ዓመት ይታሰባል። ጸሎት ይደረስለታል፣ መሥዋዕት ይቀርብለታል፣ ስለ ስሙም ለነዳያን ምጽዋት ይሰጣል። ይህ የአባቶቻችን ሥርዓት ነውና ንግግራችን ተዝካርን የሚነቅፍ እንዳይመስላችሁ። የምንለው ተዝካር ወደ ቀደመ ሥርዓቱ ይመለስ ነው። በዚያ ሥርዓት የማዕዱ ባለቤት ነዳይ ነው። ወላጅ አልባ ልጆች ዕዳ ተሸክመው፣ እነርሱ ድስት እያጠቡ፣ የጠገበ ሰው ተቀምጦ የሚበላበት ድግስ ለሟች ነፍስ ምን እንደሚጠቅም አባቶቻችን ካህናት ከእኛ በተሻለ ያስተምራሉ።

በሐዋርያት ሥራ የተጻፈውን የዶርቃን ታሪክ እናስታውስ። በኢዮጴ የነበረች፣ ጣቢታ የተባለች ደቀ መዝሙር ናት። ታምማ ሞተች፤ አጥበውም በሰገነት አኖሯት። ቅዱስ ጴጥሮስ ከልዳ ተጠርቶ በመጣ ጊዜ መበለቶች ከበውት አለቀሱ። ያለቀሱት ግን ባዶ እጃቸውን አልነበረም፤ ከእነርሱ ጋር ሳለች የሠራችላቸውን ቀሚስና ልብስ እያሳዩት ነበር። የዶርቃ መታሰቢያ ያ ልብስ ነው። ስለ እርስዋ መልካምነት ረጅም ንግግር ማድረግ ሳያስፈልግ፣ መበለቶቹ ገላቸውን የሸፈነውን ነገር አሳዩ። እኛም የአንዲትን እናት መታሰቢያ በምንመለከትበት ጊዜ ይህንን እንጠይቅ፦ የለፋችበት ነገር ምን ነበር? ያ የለፋችበት ነገር ዛሬ በምን ሁኔታ ላይ ይገኛል? ሦስት ልጆች ላሳደገች እናት መልሱ ከሦስቱ ልጆች ውጭ ሊሆን አይችልም።

የክብር ዶክተር አበበች ጎበና

ከዘመናችን እናቶች መካከል ለዚህ ጉዳይ ምስክር እንዲሆኑን የክብር ዶክተር አበበች ጎበናን እናነሣለን። ያሳደጓቸው ልጆች «እዳዬ» እያሉ ይጠሯቸው ነበር። ብዙዎቻችሁ ስማቸውን ታውቃላችሁ፤ ነገር ግን ስማቸውን ማወቅና መንገዳቸውን ማወቅ የተለያዩ ናቸውና ታሪካቸውን በአጭሩ እንመልከት።

እናታችን አበበች የተወለዱት በ1928 ዓ.ም. በሰላሌ፣ በፍቼ አካባቢ፣ ሸበል አቦ በተባለች የገጠር መንደር ነው። ዘመኑ የፋሺስት ጦር አገራችንን የወረረበት ነበር። አባታቸውም በዚያው ጦርነት ሞቱባቸው። ስለዚህ ከልጅነታቸው ጀምሮ የአባት አልባነትን ኑሮ ያውቁታል። ያሳደጓቸው አያቶቻቸው ናቸው። ይህን ልብ እንበል፤ በሺህ ለሚቆጠሩ ልጆች እናት የሆኑት ሴት ራሳቸው የአያት ልጅ ነበሩ። በአንዲት የሰላሌ መንደር ስማቸው በየትኛውም መዝገብ ያልተጻፈ አያት ባያሳድጓቸው ኖሮ ይህ ሁሉ ታሪክ ባልኖረም ነበር።

ገና በልጅነታቸው ያለ ፈቃዳቸው ተዳሩ። ከዚያ ትዳር ሸሽተው አዲስ አበባ ገቡ፤ በዚያም ተምረው ሥራ ያዙ። በቡናና በእህል ንግድ ድርጅት ውስጥ በጥራት ተቆጣጣሪነት ይሠሩ ነበር። ትዳርና ቤት ነበራቸው፤ ኑሯቸውም የተደላደለ ነበር።

በ1970ዎቹ መጀመሪያ ወደ ግሸን ደብረ ከርቤ ለመሳለም ሄዱ። ዕድሜያቸው አርባ አምስት ገደማ ነበር። በዚያን ጊዜ በወሎ ረኃብ ገብቶ ሕዝቡ በየመንገዱ ወድቆ ነበር። በመንገድ ላይ አንዲት እናት ሞታ፣ ሕፃን ልጇ ከአጠገቧ ሆኖ አዩ። በእጃቸው የነበረው ጥቂት ዳቦና አምስት ሊትር ያህል ጸበል ነበር። ያንን ለተራቡት አከፋፈሉ። ወደ አዲስ አበባ ሲመለሱ ያንን ሕፃንና ሌላ አንድ ወላጅ አልባ ልጅ ይዘው ተመለሱ።

ጸበል ከግሸን ወደ ቤት የሚመጣ በረከት ነው። ለቤተሰብ፣ ለጎረቤት፣ ለታመመ ዘመድ ተብሎ በጥንቃቄ ይያዛል። እርሳቸው ግን በመንገድ ላይ ለተጠማ ሰው ሰጡት። ከበረከቱ የጎደለባቸው ነገር ያለ አይመስለንም። በጸበሉ ፈንታ ሁለት ልጆች ይዘው ቤታቸው ገቡ።

አንድ ዓመት ሳይሞላ በቤታቸው የነበሩት ልጆች ሃያ አንድ ደረሱ። ይህን ባለቤታቸው ሊቀበሉ አልቻሉም። ከልጆቹና ከቤታቸው አንዱን መምረጥ ግድ ሆነባቸው፤ ልጆቹን መረጡ። ከሞቀ ቤት ወጥተው ከልጆቹ ጋር በደሳሳ ቤት ኖሩ። ምግብ እያዘጋጁ በመሸጥ ልጆቹን አበሉ። ከዚያ ትንሽ ጅምር በኋላ የአበበች ጎበና የሕፃናት ክብካቤና ልማት ማኅበር ተመሠረተ። ማኅበሩ ልጆችን ከማሳደግ አልፎ ትምህርት ቤት ከፈተ፣ የሙያ ሥልጠና ሰጠ፣ እናቶችን በገቢ ማስገኛ ሥራ አቋቋመ፣ በከተማና በገጠር የውኃና የመኖሪያ አካባቢ ማሻሻያ ሥራዎችን ሠራ። ከ12,000 በላይ ሕፃናት በዚህ ጥላ ሥር እንደ ተረዱ በሰፊው ተዘግቧል። ከአብራካቸው የወጣ ልጅ ግን አልነበራቸውም።

ሰኔ 27 ቀን 2013 ዓ.ም.፣ በወርኃዊው የመድኃኔ ዓለም በዓል ዕለት፣ በኮሮና ምክንያት ሕክምና ሲደረግላቸው ቆይተው በ85 ዓመታቸው ዐረፉ። ሥርዓተ ቀብራቸውም በመንበረ ጸባኦት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተፈጸመ። እግዚአብሔር አምላክ ነፍሳቸውን በአብርሃም፣ በይስሐቅና በያዕቆብ አጠገብ ያኑርልን።

ከሕይወታቸው የምንማረው

የመጀመሪያው ትምህርት ርኅራኄ ዋጋ እንዳለው ነው። የእናታችንን ታሪክ ስንተርክ ብዙ ጊዜ ከሁለቱ ልጆች ወደ ትልቁ ማኅበር እንዘላለን። በመካከል ያሉትን የደሳሳ ቤት ዓመታት እናልፋቸዋለን። ዛሬ በየአጥቢያችን ያሉት አሳዳጊዎች የሚኖሩት ግን በእነዚያ ዓመታት ውስጥ ነው። ልጅ በመቀበላቸው ከባል የተጋጩ፣ ከአከራይ የተጣሉ፣ የራሳቸውን ልጆች ቅሬታ የሚሰሙ እናቶች አሉ። ደግሞስ ማን ውሰጅ አለሽ ይባላሉ። ያን ጊዜ ከአጠገባቸው ሊቆም የሚገባው ማን ነው? እናታችን ከቤት ሲወጡ የንስሐ አባት፣ የጽዋ ማኅበር፣ የሰበካ ጉባኤ እያንዳንዱ ቤቱ እንዳለ ልብ በሉ። በየአጥቢያችን ተመሳሳይ ነገር ሲሆን ዝም ካልን፣ ከሠላሳ ዓመት በኋላ በቀብር ላይ የምናሰማው ውዳሴ ዋጋው ትንሽ ነው።

ሁለተኛው ትምህርት ሥራ ነው። እናታችን ለልጆቹ እጃቸውን ለልመና አልዘረጉም፤ ሠርተው መሸጥ ጀመሩ። ርዳታ ሲመጣ ተቀበሉ፤ ነገር ግን ልጆቹም እናቶቹም ሙያ እንዲይዙ አደረጉ። በየሦስት ወሩ ዱቄት የምናከፋፍል እኛ ከዚህ ልንማር ይገባናል። ዱቄቱ ለወሩ ይረዳል። አሳዳጊዋ የተሻለ ምጣድ፣ ጭሱን የሚቀንስ ምድጃ፣ ከአራጣ የሚያድን ትንሽ መነሻ ገንዘብ ብታገኝ ግን ለዓመት ይረዳታል።

ሦስተኛው ትምህርት ከራስ በኋላ ለሚመጣው ማሰብ ነው። እናታችን ዐርፈው ልጆቹ አልተበተኑም፤ ምክንያቱም በሕይወት ሳሉ ማኅበር መሥርተው ነበር። ለእያንዳንዷ አሳዳጊ ማኅበር መመሥረት አይቻልም። ነገር ግን ለእያንዳንዷ አሳዳጊ ማኅበር አለ፤ እርሱም አጥቢያው ነው።

መልካ ጀብዱና እኛ

አሁን ወደ ተሰበሰብንበት ቦታ እንመለስ። «መልካ» በኦሮምኛ የወንዝ መሻገሪያ ነው። «ጀብዱ» የሚለው ደግሞ በአማርኛ ሰሚ ጆሮ የጀግንነት ሥራን ያስታውሳል። የአካባቢው አሳዳጊ እናቶች ለሁለቱም ስም የሚበቁ ናቸው፤ ልጆችን ከአንድ ዳርቻ ወደ ሌላው የሚያሻግሩ ናቸውና።

ድሬዳዋ ከባቡር ጋር የተወለደች ከተማ ናት። በ1895 ዓ.ም. ሐዲዱ ከደረሰ ጀምሮ ሰው ከየአቅጣጫው ይመጣባታል። ዛሬም በመልካ ጀብዱ የኢንዱስትሪ ፓርኩና ነጻ የንግድ ቀጣናው አሉ። ወጣት እናቶች ለሥራ ይመጣሉ። ዘመድ በሌለበት ከተማ ልጅ ወልደው፣ ለሥራ ሲወጡ ልጁን ለጎረቤት አሮጊት ይተዋሉ። አንዳንዷ በማለዳ ትታ በምሽት ትመለሳለች፤ አንዳንዷ ወደ ዐረብ አገር ሄዳ ለዓመታት አትመለስም። አሮጊቷ በዚህ ሙቀት ሕፃን አዝላ፣ በጀሪካን ውኃ ስትጠብቅ እናያታለን። ደመወዝ የላትም፣ ዕረፍት የላትም፤ ስትታመም የሚተካት የለም።

ድሬዳዋ መከራንም ታውቃለች። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ከሁለት መቶ በላይ ሰዎች ሞቱ። የከተማችን ልማድ ግን የወደቀን ሰው ሃይማኖቱን ሳይጠይቁ ማንሣት ነው። የዱቄቱን ዕዳ የከፈሉት እናት ከዚህ ልማድ የወጡ ናቸው። «ጉዲፈቻ» የሚለው ቃል ራሱ ከኦሮምኛ ወደ አማርኛ ገብቶ፣ ዛሬ በሕጋችን ላይ የሰፈረ ቃል ነው። የሌላን ሰው ልጅ እንደ ራስ ልጅ ማሳደግን ጎረቤቶቻችን ከጥንት ጀምሮ ያውቁታል ማለት ነው። ስለዚህ በአጥቢያችን አሳዳጊዎችን ስንፈልግ ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውጭ ያሉትን አንርሳ። የእኛን ልጅ የምታሳድግ ሙስሊም እናት ካለች በሯን አንኳኩተን ልናመሰግናትና ልንረዳት ይገባል።

በየዓመቱ ታኅሣሥና ሐምሌ 19 ወደ ቁልቢ ገብርኤል እንወጣለን። ልጅ ለማግኘት ተስለው ያገኙ እናቶች ሕፃኖቻቸውን ታቅፈው ስለታቸውን ያገባሉ። ደስታቸውም ደስታችን ነው። በዚያው መንገድ ዳር ግን የራሷ ያልሆነውን ልጅ አዝላ የምትለምን አሮጊት እናያለን። የግሸኗ ተሳላሚ በመንገዷ ላይ ቆመች። እኛም በቁልቢ መንገድ ላይ መቆም እንማር።

ምን እናድርግ?

ከዚህ ጉባኤ ስንለያይ ይዘናቸው እንድንሄድ የምንፈልጋቸው ነገሮች አምስት ናቸው። አንዳቸውም ትልቅ በጀት የሚጠይቁ አይደሉም።

አንደኛ፣ መዝገብ። እያንዳንዱ ሰበካ ጉባኤ በአጥቢያው ልጅ የሚያሳድጉ አያቶችን፣ አክስቶችን፣ ጎረቤቶችን በስማቸው ይመዝግብ። ስም፣ የክርስትና ስም፣ ዕድሜ፣ የጤና ሁኔታ ይጻፍ። ከሁሉ በላይ አንድ ጥያቄ ይጠየቅ፦ «እርስዎ ቢታመሙ ልጁን ማን ይይዛል?» ይህ ጥያቄ ለመጠየቅ ይከብዳል፤ መርዶ የማርዳት ያህል ይሰማል። በንስሐ አባት አፍ በፍቅር ሲጠየቅ ግን ለእናቲቱ ዕረፍት ነው፤ እርስዋ ሌሊት ሌሊት የምታስበው እርሱኑ ነውና።

ሁለተኛ፣ ሕጋዊ ወረቀት። ብዙ አሳዳጊዎች ለልጁ የልደት ምስክር ወረቀት የላቸውም፤ አሳዳጊነታቸውንም የሚያሳይ ሰነድ የላቸውም። በዚህም ምክንያት ልጁን ትምህርት ቤት ለማስመዝገብና ለማሳከም ይቸገራሉ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213፣ በድሬዳዋ የሚሠራ ሕግ ነው። ወላጆቹ ለሞቱበት ልጅ አሳዳሪና ሞግዚት ስለሚሰየምበት ሁኔታ ይደነግጋል። በየአጥቢያችሁ ሕግ የተማሩ ልጆች አሏችሁ። ማመልከቻ ይጻፉላቸው፣ ፍርድ ቤትም ይከተሏቸው። አሮጊት እናትን በፀሐይ ከቢሮ ቢሮ ማመላለስ ይብቃ።

ሦስተኛ፣ ጤና። የማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን ዓመታዊ መዋጮን አንድ የጽዋ ማኅበር ለአንዲት አሳዳጊ ሊከፍል ይችላል። ከዚህም ጋር የሰንበት ትምህርት ቤት እኅቶች በወር አንድ ቀን ልጆቹን ይያዙላት። በዚያች ቀን ሐኪም ቤት ትሂድ፤ ወይም ቅዳሴ ታስቀድስ፤ ወይም ትተኛ። ለስንት ዓመት ሙሉ ቅዳሴ ያላስቀደሱ እናቶች እንዳሉ የሚያውቁት የንስሐ አባቶች ናቸው። ሕፃን ያዘለች እናት በቤተ ክርስቲያን በር ቆማ የምትመለሰው እምነት አንሷት አይደለም።

አራተኛ፣ ሥራ። አጥቢያው ቦታ ካለው በየተራ የሚጋግሩበት ማእድ ቤት፣ ወይም ጥቂት ዶሮ የሚያረቡበት ስፍራ ይስጥ። የቁጠባ ቡድን ይመሥርቱ። ይህን ለመጀመር የእኛን ዕቅድ መጠበቅ አያስፈልጋችሁም፤ እናታችን አበበች የጀመሩት ያለ ፕሮጀክት ሰነድ ነው።

አምስተኛ፣ ተዝካር። አንዲት አሳዳጊ ስታርፍ ካህናትና የዕድር ሽማግሌዎች ከቤተሰቡ ጋር አስቀድመው ይቀመጡ። ጸሎቱና መሥዋዕቱ እንደ ሥርዓቱ ይፈጸም። ድግሱ ግን በአቅም ይሁን፤ በስሟ የተሰበሰበው ገንዘብ አስቀድሞ ለልጆቹ ዓመት ቀለብና ትምህርት ይቀመጥ፤ በልጆች ስም ብድር አይወሰድ። ቤተሰብ ይህን ብቻውን ማድረግ አይችልም፤ ሰው ምን ይለኛል ብሎ ይፈራል። ካህን ሲናገርለት ግን ፍርሃቱ ይቀልለታል። አባቶቻችን፤ ይህን ሸክም ከቤተሰቡ ጫንቃ ልታነሡ የምትችሉ እናንተ ብቻ ናችሁ።

እኛም በበኩላችን በቅጻችን ላይ «አሳዳጊ» የሚለውን መስመር አስፍተናል። ዛሬ ሙሉ ስም፣ የክርስትና ስም፣ ዕድሜ፣ የጤና ሁኔታና ተተኪ ይጻፍበታል። ትንሽ ለውጥ ናት። ለአንዲት እናት ግን ዘግይታለች።

መደምደሚያ

ስለዚያች ልጅ አንድ ነገር ጨምረን እንለያይ። በቀጣዩ ዓመት ወደ ትምህርቷ ተመልሳለች። ከትምህርት መልስ ያሳደጓትን አያቷን ምጣድ እያሰማች እንጀራ ትጋግራለች፤ ከሚሸጠውም ለታናናሾቿ ደብተር ትልካለች። ምጣዱን ከዕዳው ያተረፉላት ጎረቤቷ ናቸው። መበለቶቹ የዶርቃን ልብስ ለቅዱስ ጴጥሮስ እንዳሳዩት፣ እርስዋም ምጣዱን አሳይታናለች፤ ጠርዙ በሽቦ የታሰረ፣ ብዙ ያገለገለ ምጣድ ነው።

ወገኖቻችን፤ ወደየቤታችሁ ስትመለሱ በሰፈራችሁ እንዲህ ያለ ምጣድ የሚያሰሙ እናት አሉ። ስማቸውን ጠይቁ። የክርስትና ስማቸውን ጠይቁና በጸሎታችሁ አስቡ። ምን እንደ ጎደላቸውም ጠይቁ። ከሦስት ወር በኋላ ስንገናኝ እያንዳንዱ አጥቢያ ቢያንስ የአንዲትን አሳዳጊ ስም ይዞ እንዲመጣ እንጠብቃለን።

እግዚአብሔር አምላካችን ያለፉትን እናቶቻችንን ነፍስ ይማርልን፤ ያሉትንም ዕድሜና ጤና ይስጥልን። እኛንም በሕይወት ሳሉ የምንዘክራቸው ያድርገን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር፤ አሜን።